መልኳን መለወጧ መልመዷ አይደለም

እስስት ድምፅ አታሰማም፣ መርዝ የላትም፣ ብዙ አትበላም፣ ባስቀመጧት ቅርንጫፍ ላይ ረግታ ትውላለች፤ ታዲያ ከእርሷ ይበልጥ ለቤት የሚመች እንስሳ ከየት ይገኛል? ከባሕር ማዶ የሚመጡ የስልክ ቪዲዮዎች ይህን አስተሳሰብ እያስፋፉት ነው። አጥሩ ሽመል፣ ጥላው ማንጎ በሆነበት የአሶሳ ግቢ ደግሞ እስስትን ወደ ቤት ለማስገባት እጅ መዘርጋት ብቻ ይበቃል። ድርጊቱ ክፋት ያለበት አይመስልም፤ እንዳዩአት በድንጋይ ከሚገድሏት ሰዎች አንጻር ሲታይማ ደግነት ነው። እኔ ግን ይህ ደግነት በስሕተት ላይ የቆመ ነው እላለሁ። የስሕተቱ ሥር እስስት የተቀመጠችበትን ሁሉ ትመስላለች የሚለው የቆየ እምነት ነው። አረንጓዴ ላይ አረንጓዴ፣ ቡናማ ላይ ቡናማ ትሆናለች የተባለች ፍጡር ሳሎኑንም ሣጥኑንም ትለምዳለች ብሎ መገመት አያስቸግርም።

እምነቱ ግን ትክክል አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. የማዳጋስካርን ፓንተር እስስት አጥንተው እንዳሳዩት፣ በቆዳው ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረዋል። እንስሳው ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ይጠጋጋሉ፣ ሲቆጣ ይራራቃሉ፤ የሚያንጸባርቁት ብርሃንም አብሮ ይለወጣል። ወንዱ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫና ቀይ የሚሻገረው ከፊቱ ተቀናቃኝ ሲቆም ነው፣ ከሥሩ ቀይ ጨርቅ ሲነጠፍ አይደለም። የደቡብ አፍሪካን ድንክ እስስቶች ያወዳደረ የ2008 እ.ኤ.አ. ጥናትም የመለወጥ ችሎታቸው የዳበረው በአካባቢያቸው የቀለም ብዛት ሳይሆን እርስ በርስ በሚያሳዩት ምልክት ምክንያት መሆኑን አመልክቷል። በዚህ ላይ ሙቀት አለ፤ ጠዋት ሲበርዳት ፀሐይዋን ለመሳብ ትጠቁራለች፣ ሌሊት ተኝታ ትገረጣለች። በሰው እጅ ላይ የምትጠቁር እስስት እንግዲህ ወይ በርዷታል ወይ ፈርታለች። ልጆች ከብበው «ተለወጠች!» እያሉ የሚደሰቱበት ቅጽበት ለእርሷ የጭንቀት ቅጽበት ነው። መርጋቷንም የምናነብበው እንዲሁ አዛብተን ነው። ሮጣ ማምለጥ የማትችል እንስሳ ጠላት ሲቀርባት ያላት ዋና መከላከያ አለመንቀሳቀስ ነው። ውሻ ሲያመው ያላዝናል፣ ፍየል ትጮኻለች፤ እስስት ግን ሕመሟን እስከ መጨረሻው ስለምትደብቅ፣ ያልለመደ ዓይን መታመሟን የሚያውቀው ከቅርንጫፉ ስትወድቅ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይጎድልባታል? መጀመሪያ ውሃ። አብዛኞቹ እስስቶች በሳሕን የተቀመጠ የረጋ ውሃን እንደሚጠጣ ነገር አያዩትም፤ የሚልሱት ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ጤዛና ዝናብ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው የአሶሳ ዝናብ አጥር ላይ ያለችው እስስት ይህን ያለ ማንም ርዳታ ታገኛለች፤ ሳሎን የገባችው ግን ከሞላ ሳሕን አጠገብ ዓይኖቿ እየጎደጎዱ በጥም ትደርቃለች። ቀጥሎ ብርሃን። አጥንቷ ካልሲየም እንዲያገኝ ቫይታሚን ዲ ያሻዋል፤ ይህን ቆዳዋ የሚሠራው በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ ተራ የመስኮት መስታወት ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ «መስኮት አጠገብ አድርጌያታለሁ» የሚል ሰው ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን አልሰጣትም። ጨረሩ ሲቀር አጥንቷ ይለሰልሳል፣ እግሮቿ ይጎብጣሉ፣ መንጋጋዋ ይላላል። የሰውነቷን እጥፍ ያህል ተወርውሮ ነፍሳት ይይዝ የነበረው ምላሷ ይደክማል፤ ያኔ ምግቧ ፊቷ እየተንቀሳቀሰ ትራባለች። በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት አለ። ዛፍ ላይ ያለች እስስት ጥቂት ርምጃ ተራምዳ ከፀሐይ ወደ ጥላ ትገባለች፣ ሣጥን ውስጥ ያለችው የት ትሂድ? እንቁላል የሚጥሉት ዝርያዎች እንስትም ቆፍራ የምትቀብርበት አፈር ካላገኘች እንቁላሉን በሆዷ እንደያዘች ልትሞት ትችላለች። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሰው ቢገኝ እንኳ ለምግቧ ከማሳ የሚለቅመው ፌንጣ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ከገባ ወዲህ በቆሎ ላይ መድኃኒት መርጨት ተዘውትሯል፤ መርዙም በነፍሳቱ ሆድ አድርጎ እርሷ ዘንድ ይደርሳል።

«በውጭ አገር እያረቡ ለዓመታት ያቆዩአት የለምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መልስ የሚገባው ጥያቄም ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በብዛት የምትያዘው መነሻዋ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ የሆነችው እስስት ናት፤ ለብዙ ትውልድ በሰው እጅ ተራብታለች። ከልዩ የጨረር መብራት፣ በሰዓት ውሃ ከሚረጭ መሣሪያ፣ ከካልሲየም ዱቄትና ተሳቢ እንስሳትን ከሚያውቅ ሐኪም ውጭ ግን እዚያም አትኖርም። ከጫካ ተይዛ የምትወሰደው እዚያም ቢሆን ከነጥገኛ ትላትሎቿ ገብታ በጭንቀት የምትዳከም ናት። ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር መብራቷ በሚጠፋበት ቤት፣ ለከብትና ለፍየል የሠለጠነ ሐኪም ብቻ ባለበት ከተማ፣ የውጭውን ውጤት መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። ሕጉም አለ፤ ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። እስስቶች በጠቅላላ ማለት ይቻላል፣ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት በሚቆጣጠራቸው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ያለንን ገና ቆጥረን አልጨረስንም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. እንኳ ከባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ክፍል ለሳይንስ አዲስ የሆነ የእስስት ዝርያ ተመዝግቧል። አሶሳ ባለችበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ አንድ ሰው ከአጥሩ የሚያነሣት እስስት የትኛዋ እንደሆነች ሳያውቅ ነው ወደ ሣጥን የሚያስገባት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። በበጋ ሣሩና የሽመል ደኑ ይቃጠላል፤ ከእሳቱ ያመለጠችውን ደግሞ መርዘኛ ናት ብሎ የሚፈራ ሰው ይገድላታል። ታዲያ ቤት መውሰድ ማዳን አይደለምን? አንዲት እስስት ለጥቂት ሳምንታት ትድን ይሆናል። ሳሎን ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች እንስሳ ግን ዘር አትተካም፣ ለተቃጠለው ደንም የምትመልሰው ነገር የለም፤ ፍርሃቱንም አታስወግደውም። ፍርሃቱ የሚለቀው ሰዎች በአጥራቸው ላይ ዝንብና ፌንጣ እየለቀመች ማንንም ሳትጎዳ ስትኖር ሲያዩ ነው። ለልጆችም ቢሆን ምላሷ ሲወረወርና ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ ሲዞሩ ማየት የሚሻለው ሕያው አጥር ላይ ነው። እዚያ ጤነኛ ስለሆነች የምታሳያቸው ሁሉ እውነተኛ ነው።

ከእሳት የቆሰለች ወይም ድመት የነከሳት እስስት ቤት ብትገባ ለአጭር ጊዜ የሚደረግላት ነገር ግልጽ ነው። በመስታወት ሣጥን ፈንታ አየር የሚያስገባ የሽቦ ወንፊት፣ ውስጡም ጣቶቿ የሚጨብጡት ልዩ ልዩ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ፤ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ፣ ጥላውም አጠገቧ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቅጠሉ ላይ በቀስታ የሚንጠባጠብ ውሃ፤ መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ የተያዙ ሕያዋን ነፍሳት። ሌላ እስስት አይጨመርባትም፣ ከእጅ ወደ እጅም አትዘዋወርም። ቁስሏ ሲሽር የምትለቀቀው ወደ ተገኘችበት ቦታ ነው፤ ያ ከተቃጠለ በቅርቡ ወዳለው ያልተነካ ቁጥቋጦ፣ በጠዋት፣ እስኪመሽ ድረስ መጠለያ እንድታገኝ።