ከመግሪብ በኋላ ልጃችን የት ነው?

በአሜሪካ የሚኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችን በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ሲቃረብ የሚያነሱት ክርክር አለ። ይኸውም ሃሎዊን ስለተባለው በዓል ነው። በዚያ ምሽት ሕፃናት የጠንቋይና የአፅም ልብስ ለብሰው፣ ጭምብል አጥልቀው፣ የየጎረቤቱን በር እያንኳኩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። አንዱ አባት «ሐራም ነው!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «የልጅ ጨዋታ ነው፤ እኛስ አገር ሆያ ሆዬ የለም እንዴ?» ይላል። ከዚያም ሁለቱም ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ልጁ የት እንዳመሸ የሚጠይቅ ግን የለም።

በመጀመሪያ «ጨዋታ ነው» ለሚሉት ጥቂት እንበል። በዓሉ ሥር የሰደደው የጥንት ኬልቶች ሳዊን እያሉ በሚያከብሩት የመኸር ማብቂያ በዓል ውስጥ ነው ይባላል። ስሙ ራሱም ኖቬምበር 1 የሚከበረው የክርስቲያኖች የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ሆያ ሆዬም ቢሆን የቡሄ ነው። ስለዚህ ምሳሌው ተከራካሪውን አይረዳውም፤ እንዲያውም ይመሰክርበታል። ጎረቤቶቻችን በዓላቸውን ማክበራቸው መብታቸው ነው። የኛን ልጅ የሙታን መንፈስ አስመስሎ ማሰለፍ ግን ከየት የመጣ ግዴታ ነው?

«ሐራም ነው» ባዮቹስ? እነዚህኞቹ ብዙውን ጊዜ ልጆችን የሚያስፈራሩት በተመረዘ ከረሜላ ነው። ወሬው የቆየ ቢሆንም መሠረት የለውም። የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጆኤል ቤስት ከ1958 ወዲህ የወጡ ዘገባዎችን መርምረው፣ የማያውቀው ሰው በሰጠው የተመረዘ ከረሜላ የሞተ ሕፃን አላገኙም። በ1974 በቴክሳስ የ8 ዓመት ልጅ በሳያናይድ መገደሉ እውነት ነው፤ ገዳዩ ግን ለኢንሹራንስ ገንዘብ ብሎ የገዛ አባቱ ነበር። ዲናችንን ለመጠበቅ ሐሰት አያስፈልገንም። ልጁ አድጎ የወሬውን ከንቱነት ባወቀ ጊዜ፣ ስለ ሃይማኖቱ የነገርነውንስ እንዴት ይመነን?

እውነተኛው አደጋ ያለው ከረሜላው ውስጥ ሳይሆን አስፋልቱ ላይ ነው። ከ1975 እስከ 2016 የነበሩትን 42 የሃሎዊን ምሽቶች የመረመረ በ2018 የወጣ ጥናት፣ በዚያ ምሽት እግረኛ በመኪና ተገጭቶ የመሞቱ ዕድል ከሌሎች የዚያው ሰሞን ምሽቶች በ43 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ ሕፃናት ደግሞ አሥር እጥፍ ነው! አደጋው የሚበረታው በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው።

ይህ ሰዓት ምን ሰዓት ነው? በዋሽንግተን በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ መግሪብ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆቻችንን ከደጅ እንድንሰበስብ፣ ጥቂት ቆይቶም እንድንለቃቸው ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሰይጣናት የሚሠራጩበት ጊዜ መሆኑንም ነግረውናል። ሙእሚን ትእዛዙን ለመፈጸም የትራፊክ ጥናት አይጠብቅም፤ ጥናቱን አንብቦ መደነቁ ግን አይቀርም።

አንድ የተዘነጋ ነገርም አለ። በዚያች ከተማ ታክሲ ከሚነዱት መካከል ስንቶቹ የኛ ሰዎች ናቸው? በዓሉን አላከብርም ያለ ሙስሊምም በዚያ ሰዓት መሪ ጨብጧል፤ ምናልባትም መግሪብ እንዳያመልጠው ወደ መስጂድ እየከነፈ ነው። ጥቁር ለብሶ ከቆሙ መኪኖች መካከል ዘው የሚለው ሕፃን የማንም ልጅ ይሁን የማን፣ ነፍሱ ክቡር ናት። ጀመዓ ቢያመልጥ ብቻህን ትሰግዳለህ፤ የሞተ ሕፃን ግን አይመለስም። ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ንዳ!

ወላጆች ሆይ! ክልከላ ያለ ወላጅ ክልከላ አይደለም። እናትና አባት ሁለቱም የማታ ፈረቃ ገብተው፣ ልጁን «እንዳትወጣ» ብሎ መሄድ አማናን መወጣት ነውን? የክፍል ጓደኞቹ በመስኮት ሲጠሩት ማን ይይዘዋል? የዚያን ምሽት ፈረቃ ለሌላ ሰው ለውጡ። የደጁን መብራት አጥፉ፤ በአሜሪካ ልማድ እዚህ ቤት ከረሜላ የለም ማለት ነውና የሚያስቀይመው ጎረቤት የለም። ቤት ውስጥ ልጆቹ የሚወዱትን ምግብ ሥሩ፣ ዘመድ ጥሩ፣ አብራችሁ ስገዱ። በኢድ ቀን አዲስ ልብስና ስጦታ ያላገኘ ልጅ የሰውን በዓል ቢመኝ ጥፋቱ የማን ነው? ኢዳችንን በሰላምታና በስልክ ብቻ የምናሳልፍ ስንቶች ነን!

በፍቺ ወይም በሌላ ምክንያት ልጁን ማስቀረት ያልቻለ ወላጅ ቢኖር ደግሞ ተቆጥቶ አይቅር፤ አብሮት ይውጣ። ደማቅ ልብስ ያልብሰው፣ ዓይን የሚጋርድ ጭምብል ያውልቅለት፣ ባትሪ ያስይዘው፣ መንገድ ሲሻገር እጁን አይልቀቅ። በየደጁ በተቀመጠው ዱባ ውስጥ ሻማ ሊኖር ስለሚችል የሚንዘላዘል ልብስ እሳት እንዳይነካው ይጠንቀቅ። ከረሜላውም ሳይበላ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። በብዙዎቹ የሚለጠጡ ከረሜላዎች ውስጥ ያለው ጄላቲን ከአሳማ የሚሠራ ነው። ድፍን ከረሜላ ደግሞ ሐላል ቢሆንም እንኳ ታናሽ ወንድሙን ሊያንቀው ስለሚችል ከሕፃን እጅ ይራቅ።