ጠብታው ከመሸጡ በፊት ቆቡ ይገልበጥ

ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ባሉ ፋርማሲዎች መስኮት ላይ የማይጠፋ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ ዓይኔ ያነባል፤ ጠብታ ቢጤ ስጠኝ።» ጠያቂው አንዳንዴ አቧራ ሲጠጣ የዋለ የታክሲ ረዳት ነው፤ አንዳንዴ ልጇን ያዘለች ወጣት፤ አንዳንዴም ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከጎጃም የመጡ አሮጊት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ጠብታ ይዘው ይሄዳሉ፤ በሽታቸው ግን ለየቅል ነው።

እንባ መንገድ አለው። ከዓይን በላይ በውጭ በኩል ካለች ዕጢ ይመነጫል፤ ቆቡ በተርገበገበ ቁጥር ዓይንን አጥቦ፣ በአፍንጫ በኩል ባሉ ሁለት ደቃቅ ቀዳዳዎች ይገባና በቀጭን ቦይ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ያለቀሰ ሰው ንፍጡ የሚበዛው ለዚህ ነው። እንባ ጉንጭ ላይ ከፈሰሰ እንግዲህ ወይ ቦዩ ተዘግቷል፣ ወይ ዓይንን የሚቆረቁር ነገር አለ፣ ወይ ቆቡ ሥራውን አቁሟል። መድኃኒት ሻጩ ከመስኮቱ ማዶ ሆኖ ይህን ሊለይ አይችልም።

የረዳቱ ነገር አቧራና አለርጂ ሊሆን ይችላል። የሕፃኑ ዓይን ከተወለደ ጀምሮ የሚያነባና የሚጣበቅ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቦዩ ነው፤ ወደ አፍንጫ የሚከፈተው ጫፉ በስስ ሽፋን ተጋርዷል። ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ያህል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈታል። እስከዚያው ሐኪም ለእናትየው የሚያሳያት የዓይኑን ጥግ በንጹሕ ጣት ጫን አድርጎ ወደ ታች ማሸትን ነው። ጥጉ አብጦ ከቀላና ካተኮሰ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል።

የአሮጊቷ ጉዳይ ያለው ከቆቡ ሥር ነው። ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል፤ ሕፃናትን የሚያቅፉት ሴቶች በመሆናቸው ከወንዶች ይልቅ እነሱን ያጠቃል። ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛው ቆብ የውስጥ ገጽ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው እየተኮማተረ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሳል። ከዚያ ወዲያ ፀጉሩ ዓይንን እየፋቀ ያጠፋዋል። በገጠር ወረንጦ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ እናቶች አሉ፤ ሲወጋቸው ይነቅሉታል፣ ተመልሶ ይበቅላል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ታማሚዋ ወደ ታች ያያሉ፤ መርማሪው ሽፋሽፍቱን ይዞ ቆቡን ይገለብጣል፤ በማጉያ መነጽር ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀላል መመዘኛ መሠረት ቢያንስ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆኑ 5 እና ከዚያ በላይ እብጠቶች በቆቡ መካከል ከታዩ በሽታው ንቁ ነው፤ ነጫጭ መስመሮች ከታዩ ጠባሳ ጀምሯል፤ አንዲት ሽፋሽፍት እንኳ ዓይንን ከነካች መቀልበሱ ደርሷል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኒው ዮርክ ኤሊስ ደሴት፣ የአሜሪካ ሐኪሞች የስደተኞችን ቆብ በጫማ ቁልፍ መቆለፊያ ሜንጦ ሳይቀር እየገለበጡ፣ ትራኮማ የተገኘበትን ወደ መጣበት ይመልሱ ነበር። ለማባረር ጊዜ የተገኘለት ምርመራ ለማከም ጊዜ ሊጠፋለት አይገባም።

«እሱ የገጠር በሽታ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ 62 ከመቶ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን በዘመቻ ለሚሊዮኖች ታድሏል። ጠባሳ ግን በመድኃኒት አይመለስም። የያኔዎቹ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገቡትም ቆባቸውን ይዘው ነው የመጡት።

የተቀለበሰውን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና በማደንዘዣ መርፌ፣ በሠለጠነ ነርስ እጅ፣ ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራ ነው። ዘዴው ለውጥ ያመጣል። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል 1,000 ታካሚዎች ላይ ሁለት ዘዴዎችን አወዳድረው በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሙሉውን የቆብ ውፍረት በሚቆርጠው ዘዴ በዓመት ውስጥ 22 ከመቶዎቹ ላይ መቀልበሱ ተመልሷል፤ ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቆርጠው ግን 13 ከመቶዎቹ ላይ።

ኮልፌ ቀራንዮ ለቆብ ነገር እንግዳ አይደለም። እዚሁ ክፍለ ከተማ ያለው አለርት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ነው። ደዌው የፊትን ነርቭ ሲጎዳ ቆቡ አይከደንም፤ እንባው ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ዓይኑ ይደርቃል። ስለዚህ «እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ» ማለት በሥጋ ደዌ ሕክምና የተለመደ ምርመራ ነው።

በመስኮት የሚሸጠው ጠብታም እንዲያው ዋጋ ቢስ ብቻ አይደለም። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ይወደዳል፤ ያለ ክትትል ለወራት ሲጨመር ግን ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። የጤና ቢሮው በዚህ ላይ ቁጥጥሩን ያጥብቅ። በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይም «የላይኛው ቆብ ተገልብጦ ታይቷል?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰበት ሰው በዚያው ሳምንት ቀዶ ሕክምናው ወደሚሠራበት ተቋም ይላክ። ለመጀመር ለነርሶቹ አጭር ሥልጠና፣ ለየጤና ጣቢያው አንድ ማጉያ መነጽርና ባትሪ ይበቃል።