ጀበናውን የሠራችው ማን ናት?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን የወላጆቻቸውን ሥራ ጠየቅኳቸው። አንዷ ተነስታ "እናቴ ነጋዴ ናት" አለች። ከኋላ አንዱ "የጭቃ ነጋዴ!" ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ልጅቷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አላወጣችም። ጸጸቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

ሰሞኑን ስለ እንግሊዞች ሸክላ ሳነብ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። ለንደን፣ ላምቤዝ በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1815 የተመሠረተ ዱልተን የሚባል የሸክላ ፋብሪካ ነበር። ገንዘብ ያገኘው በፍሳሽ ቱቦ ነው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ግን የሰፈሩን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እያስገባ ሸክላውን ማስጌጥ ጀመረ። ሃና ባርሎው የምትባል ሴት በ1871 ገብታ፣ ያልደረቀው ሸክላ ላይ በሹል ነገር እየጫረች ፈረስና አጋዘን ትስል ነበር። እቃው ከ1000 ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ሲተኮስ ጨው ይጣልበታል፤ የጨው እንፋሎቱ ሸክላውን እንደ መስታወት ያለብሰዋል። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው፦ በእቃው ሥር የሠራችው ሴት የስሟ ምልክት ይቀረጻል። የፋብሪካው ጌታ ሄንሪ ዱልተንም በ1887 በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን "ሰር" ተባለ።

እኛስ? ካፋ የቡና መገኛ ነው ብለን እንኮራለን፤ ቦንጋ ላይ የቡና ሙዚየም አለን። ጀበናውን ግን ያለ ማሽን፣ በእጇ ብቻ አንገቱን አቅንታ፣ እጀታውን ለጥፋ፣ በእንጨት እሳት ተኩሳ ያመጣችልንን እናት ስሟን አናውቅም። ገበያ ላይ በአሥር ብር እንከራከራታለን። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ ሲናቅ፣ አብሮ መብላትና መጋባት ነውር ሲባል ነው ያደግነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ ክፍሌ ውስጥ ነበር።

"እነሱ እኮ ፋብሪካና ገንዘብ ነበራቸው" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስም ለመጻፍ ግን ፋብሪካ አያስፈልግም፤ አንዲት ሹል እንጨት ትበቃለች። ጀበና የምታስመጡ ሆቴሎችና ባለሱቆች፣ ሠሪዋ ከሥሩ ስሟን ወይም ምልክቷን እንድታኖር ጠይቋት፤ ዋጋዋንም ሳትቆርጡ ክፈሏት። እኛ መምህራን ደግሞ እነዚህን እናቶች ክፍል ጋብዘን እንዲያስተምሩን እናድርግ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ዲፕሎማ አለኝ፤ ጀበና ሥራ ብትሉኝ ግን አንገቱ ላይ ስደርስ ይፈርስብኛል።

አንቺ ተማሪዬ፣ ይህን ካነበብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ቀን መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። እናትሽ ባለሙያ ናት።