እኩል ቁጥር፣ እኩል ያልሆነ መድኃኒት

ለአስሙ በትንፋሽ የሚሳብ ስቴሮይድ፣ ቤክሎሜታዞን፣ የለመደ ሰው ፋርማሲ ሄዶ «እሱ አልቋል» ሲባል፣ በምትኩ ፍሉቲካዞን ይዞ ይመለሳል። በአሮጌው ላይ 250 ማይክሮግራም ተጽፏል፤ በአዲሱም ላይ 250። ጠዋትና ማታ ይስብ የነበረው ሰው አሁንም ጠዋትና ማታ ይስባል። የሚወስደው የስቴሮይድ ኃይል ግን በእጥፍ ገደማ አድጓል። ይህን ሊነግረው የሚገባው መድኃኒቱን የሰጠው ባለሙያ ነበር።

ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጂና ልዩነቱን በቁጥር አስቀምጦታል። ለአዋቂ ዝቅተኛ የሚባለው የቀን መጠን ለተለመደው ቤክሎሜታዞን ከ200 እስከ 500 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ለፍሉቲካዞን ፕሮፒዮኔት ከ100 እስከ 250 ነው። ቤክሎሜታዞን ራሱ ብናኙ እጅግ ደቅቆ ሲዘጋጅ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው ስለሚበዛ ከ100 እስከ 200 ይበቃል።

«ጠንከር ያለው ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። አብዛኛው ጥቅም የሚገኘው በዝቅተኛው መጠን ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጨመር ጥቅሙ በጥቂቱ፣ ጉዳቱ ግን ጎላ ብሎ ይጨምራል። የድምፅ መጎርነንና የአፍ ፈንገስ ቀላሎቹ ናቸው። ከባዱን በ2002 በብሪታንያ የታተመ ጥናት አሳይቷል፦ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎቻቸው ከውጭ በሚገባው ስቴሮይድ ተዳክመው ለአደጋ የተጋለጡ 33 ሕሙማን ተመዘገቡ። 28ቱ ልጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የደም ስኳራቸው በድንገት ወርዶባቸዋል። ከ33ቱ 30ዎቹ ይስቡ የነበረው ፍሉቲካዞን ብቻ ነው፤ መጠኑም በቀን ከ500 እስከ 2000 ማይክሮግራም።

ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው በተለመደውም መጠን ይመጣል። ሪቶናቪር ጉበት ፍሉቲካዞንንና ሌላውን የሚሳብ ስቴሮይድ ቡዴሶናይድን እንዳያስወግድ ያግዳል። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቤክሎሜታዞን ይመረጣል። ይህን ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች ኢትዮጵያም ውስጥ ስላሉ፣ አስም የሚያክም ሐኪም ሳይጠይቅ ሊያልፈው አይገባም።

ይህ ሁሉ ግን መድኃኒቱን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። በ2000 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ ዝቅተኛ መጠን እንኳ ዘወትር የሚወስዱ ሰዎች በአስም የመሞት ዕድላቸው በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። በልጅነታቸው ለዓመታት ቡዴሶናይድ የወሰዱ አሜሪካውያን ሲያድጉ ቁመታቸው ካልወሰዱት በአማካይ በ1.2 ሴንቲ ሜትር አንሶ ተገኝቷል። ወላጅ ሊያውቀው ይገባል፤ ትንፋሽ አጥሮት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ከሚያድር ልጅ ስቃይ ጋር ግን አይወዳደርም። ስቴሮይዱን ፈርቶ በሳልቡታሞል ብቻ መኖር ይበልጥ ያስፈራል፤ እሱ የአየር ቧንቧውን ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ የቧንቧውን መቆጣት አያበርድም።

ከሳቡ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ፈንገሱን ይቀንሳል። በሚረጨው ዕቃና በአፍ መካከል የሚገባው ማስተላለፊያ ከታጣ፣ በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ እንደተረጋገጠው፣ ለዚሁ ተብሎ የተበሳ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ያገለግላል።

ፋርማሲስቶች የመድኃኒቱን ዓይነት ሲቀይሩ መጠኑንም ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ። ዘመድ ከውጭ የላከለትም ሆነ ከፋርማሲ የተቀየረለት ሕመምተኛ የመድኃኒቱን ስም አንብቦ ይጠይቅ፤ ከፍተኛ መጠን ሲወስድ የቆየውንም በራሱ ፈቃድ በአንዴ አያቁም።