የድሃው ቀለብ በባለሱቁ በኩል ይምጣ!

ለመሆኑ የዕርዳታ ስንዴ ድሃው ቤት እስኪገባ ስንት እጅ ይዳስሰዋል? በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ ያቋረጡት፣ እህሉ በየገበያው ሲቸበቸብ ስለተገኘ ነበር። የሰረቀው ሌላ፣ ጦሙን ያደረው ምስኪኑ!

እኔ የምለው፣ በየሰፈሩ ባለሱቅ ጠፍቶ ነው እንዴ? ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ገበያው እህል ባለበት ከተማ፣ የተረጂው ሂሳብ በስልኩ ይግባለት፤ ስልክ ለሌለው ኩፖን ይሰጠው፤ ከፈለገው ሱቅ ይሸምት። ዋጋ እንዳይሰቀልበት ታሪፍ ይለጠፍ። የዱቤ ደብተር የያዘ ባለሱቅ ማን እንደተራበ ከካድሬው በላይ ያውቃል። ደግሞስ አንዱ ባለሱቅ ቢያጭበረብር ወደ ጎረቤቱ ይኬዳል፤ ከመጋዘኑ ሹም ወዴት ይኬዳል? ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ይብቃ!