ጢንዚዛይቱ ወዴት ገባች?

ዛሬ አንድ ሰው በቶኪዮ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚያልፉትን አውቶሞቢሎች ሲቆጥር ቢውል፣ ሱባሩ 360 የተባለችውን ትንሽ መኪና ሳያይ ይመሽበታል። ከስድሳ ዓመት በፊት ግን በጃፓን ከተሞች ዓይን የማያጣት መኪና ነበረች። ለመሆኑ፣ አንባቢ ሆይ፣ አራት መቶ ሺህ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የተሠራ መኪና እንዴት ከዓይን ይሰወራል?

ታሪኳ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናካጂማ አውሮፕላን ፋብሪካ ሲበተን፣ ባለሙያዎቹ እጃቸውን ወደ ሌላ ሥራ አዞሩ። ከነሱም አንዱ መሐንዲስ ሺንሮኩ ሞሞሴ ነበር። በ1958 በርሱ መሪነት የተሠራችው ሱባሩ 360 ለገበያ ቀረበች። ክብደቷ 385 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ርዝመቷ 3 ሜትር አይሞላም፤ እኛ ቮልስ ከምንላት ከጀርመኗ መኪና በአንድ ሜትር ታጥራለች። ይህም ሁሉ ሆኖ አራት ሰው ታሳፍር ነበር። ጃፓኖችም መልኳን አይተው ነጠብጣብ ጢንዚዛ አሏት።

ትንሽ መሆኗ ያለ ምክንያት አይደለም። የጃፓን መንግሥት ሞተራቸው ከ360 ሲሲ ለማይበልጥ መኪናዎች ግብሩን አቅልሎ ነበር፤ የርሷም ሞተር 356 ሲሲ ነው። በዚህ የተነሣ መኪና ለመግዛት አስቦ የማያውቅ ባለ ደመወዝ ቤተሰቡን አሳፍሮ ለመሄድ በቃ።

ሕግ የወለዳትን ግን ያው ሕግ አስረጃት። በ1973 ትንንሾቹም መኪናዎች የቴክኒክ ምርመራ ግዴታ ሆነባቸው፤ በ1976 የሞተሩ ወሰን ወደ 550 ሲሲ ከፍ አለ፤ በ1990ም 660 ደረሰ። ከቶኪዮ ወደ ናጎያ የሚወስደው ፈጣን መንገድም በ1969 ተጠናቆ ስለ ነበር፣ ለሰፈር መንገድ የተሠራች መኪና በዚያ ላይ ደካማ ሆነች። ስስ ቆርቆሮዋን ዝገት በላው፤ ባለቤቶቿም በሰፊዋና በጠንካራዋ ለወጧት።

እንግዲህ የጠፋችው ስለ ተናቀች ሳይሆን ስላገለገለች ነው። የሀብታም መኪና ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ይኖራል፤ የሠራተኛው መኪና ግን በዝናብም በፀሐይም እየሠራ ያልቃል። ዛሬ ከተረፉት አንዷን ለማየት ወደ ሙዚየም መሄድ ይቀላል፤ ተወዳዳሪዋ የነበረው የቶዮታ ኩባንያ እንኳ በሙዚየሙ ውስጥ ቦታ ሰጥቷታል።

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም። ትናንት በየሰፈሩ የነበረችው ቮልስ ዛሬ ስታልፍ ሰው ዞሮ ያያታል። በ1980ዎቹ የተሠሩት የጃፓን ኮሮላዎች ገና በሥራ ላይ ናቸው፤ ነገር ግን በ2024 መንግሥታችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ የነሱም ተራ መድረሱ አይቀርም። አዲሱ መምጣቱ መልካም ነው፤ አሮጌው ያለ ማስታወሻ መሄዱ ግን ጉዳት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የዘመናችን ተራ ሰው እንዴት ይኖር እንደ ነበር ለልጅ ልጅ የሚመሰክረው የቤተ መንግሥት ሠረገላ ብቻ አይደለምና፣ ከሚያገለግሉን ትንንሽ ነገሮች አንዳንዱን ሳያልቅ ማኖር ይገባናል።