መኪናው ሲገባ ሰውዬው ወዴት ይሂድ?

የሰውን ሥራ የሚሠራ መኪና፣ ትራክተርም ይሁን ኮምፒዩተር፣ በመጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንዱ ወገን «ሥልጣኔ መጣልን» ብሎ ያጨበጭባል፤ ሌላው «እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው» ብሎ ይደነግጣል። ደብዳቤ የሚያረቅቅ፣ ሒሳብ የሚያመሳክር፣ ቋንቋ የሚተረጉም ኮምፒዩተር በመጣበት በዚህ ዘመንም፣ በየመኝታ ክፍላችንና በየምግብ አዳራሹ የምንሰማው ክርክር ይኸው ነው። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል እንላለን። ይኸውም፦ መኪናው የሚያስገኘው ትርፍ ለማን ይደርሳል? ጉዳቱንስ ማን ይሸከማል?

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ አርሲ ይበቃናል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር፤ ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘርም በብድር ያድል ነበር። ስንዴው በጀ፤ ምርቱ ጨመረ። ነገር ግን መሬቱ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች፣ ለጭሰኛ ሰጥተው ከመካፈል ይልቅ በትራክተር ራሳቸው ቢያሳርሱት እንደሚበጃቸው ተረዱ። ትራክተሩ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበር። የጭሰኛው ውል ደግሞ የቃል ውል ነበረ። «ልቀቅ» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለው፣ የሚጠይቀው ካሳ የለው፤ ብዙ ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ተፈናቀለ። የባለርስትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለመወሰን የተረቀቀው ሕግ ፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ይህ ሁሉ የሆነው፣ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ አስቀድሞ ለተበተነው ቤተሰብ አዋጁ የደረሰው ከረፈደ ነበር።

እንግዲህ ጭሰኛውን ያባረረው ትራክተሩ ነውን? ትራክተር ማረስ እንጂ ማባረር አያውቅም። ያባረረው፣ መኪናው ሲገባ ለጭሰኛው የሚቆም ሕግ አለመኖሩ ነው።

«እንግዲያው መኪናውን እንከልክል» የሚል ካለ የእንግሊዝን ታሪክ ይመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1811 እስከ 1816 የጨርቅ ሠራተኞች በሌሊት እየተሰባሰቡ የፋብሪካ መኪናዎችን ሰበሩ። ፓርላማውም በ1812 መኪና የሰበረ በሞት ይቀጣ ብሎ ደነገገ። ሰዎች ተሰቀሉ፤ ሌሎችም ወደ ሩቅ አገር ተጋዙ፤ መኪናው ግን በቦታው ቀረ። በኋላ ሠራተኛውን የጠቀሙት የሠራተኛ ማኅበርና የሥራ ሰዓት ሕግ ናቸው።

በአገራችንም ዛሬ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አዲስ ቴክኖሎጂ በመግባቱ ሠራተኛ ሲቀነስ አሠሪው ከሠራተኛው ማኅበር ወይም ከተወካዮች ጋር እንዲመክር፣ ለተቀናሹም የስንብት ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ወደዚያው ወደ አርሲ እንመለስ። ዛሬ ስንዴውን በብዙ ቦታ የሚያጭደው ኮምባይነር ነው። ለገበሬው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሰብሉ ባልታሰበ ዝናብ ሳይበላሽ በቶሎ ይሰበሰብለታል። በማጭድ ሊያጭድ በየመከሩ የሚመጣው የቀን ሠራተኛስ? የሚያሰናብተው መሥሪያ ቤት የለውም፤ የሚቆጠርለት የአገልግሎት ዘመን የለውም። ሥራው እንዳለቀ የሚያውቀው ማጭዱን ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ጭሰኛው ወረቀት አልነበረውም፤ ዛሬ አጫጁም የለውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ መኪና ከቀረጥ ነፃ ሲገባ አስመጪው ስንት ሰው ከሥራ እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ከሚያገኘው ጥቅምም ለእነዚህ ሰዎች የሙያ ትምህርት የሚሆን ድርሻ ይክፈል። ሁለተኛ፣ ይህ ትምህርት የሥራ ውል በእጁ ላለው ብቻ ሳይሆን ለቀን ሠራተኛውና ለወቅት አጫጁም ክፍት ይሁን፤ በቀበሌው የታወቀ መሆኑ ይበቃዋል። ሦስተኛው የሚመለከተው ራሳችንን ነው። በምሕንድስናና በኮምፒዩተር ትምህርት የምንጽፈው የመመረቂያ ጥናት፣ መኪናው ስንት ሰዓትና ስንት ብር እንደሚያድን ይቆጥራል። የስንት ሰው ሥራ እንደሚያስቀርና ያ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር አንድ ገጽ ይጨመርበት። መምህራኖቻችን ይህን ገጽ ካልጠየቁን እኛው በገዛ ፈቃዳችን እንጻፈው።

ነገ መኪናውን የሚገዛው፣ የሚያዘው፣ ፕሮግራሙንም የሚጽፈው ከመካከላችን የሚወጣ ሰው ነው። ጸሐፊውና ተርጓሚው ሳይቀሩ ሥራቸው በሚያሰጋበት በዚህ ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዱ ነገ በአጫጁ ቦታ ይቆም ይሆናል። የእኛ ወንበር ሲነቃነቅ ብቻ ብንጮህ ግን ማን ይሰማናል? ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ስለ አጫጁ ዛሬ እንናገር።